ለሒሳብ ሞዴል የሚስማማ የኮምፒዩተር ቋንቋ ስለ መምረጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሒሳብ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



የሒሳብ ክበባችን በዚህ የበዓል ቀን አንድ ንግግር እንዳደርግ ስላዘዘኝ ደስ እያለኝ በፊታችሁ ቆሜአለሁ። የመረጥሁት አርእስት ለአንዳንድ ወላጆች እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጉዳዩ ከቡናችን፣ ከውሃችንና ከቀን አቆጣጠራችን ጋር የተያያዘ መሆኑን ስታዩት እንግድነቱ ይቀራል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄው ይህ ነው። ኮምፒዩተር ሰው ባዘዘው መጠን የሚያሰላ መሣሪያ ነው። የሚታዘዘውም እኛ እርስ በርሳችን በምንነጋገርበት አማርኛ ወይም ጌዴኡፋ ሳይሆን ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። እነዚህም ቋንቋዎች አያሌ ናቸው፤ ፎርትራን፣ ሲ፣ ማትላብ፣ አር፣ ፓይተን፣ ጁሊያ እየተባሉ ይጠራሉ። እንግዲህ የሒሳብ ሞዴል መሥራት የሚፈልግ ተማሪ ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ይምረጥ? በክበባችን ውስጥ አንዱ ፈጣኑን፣ ሌላው አዲሱን፣ ሦስተኛው ደግሞ በውጭ አገር ስሙ የገነነውን ሲያወድስ ይሰማል። እኔ ዛሬ የማስረዳው መመዘኛ ግን ከሦስቱም የተለየ ነው። ይኸውም፤ የሚሻለው ቋንቋ በውጤቱ የሚጠቀመው ወይም የሚጎዳው ሰው፣ እርሱም ባይችል የተማረ ጎረቤቱ፣ አንብቦ ሊያርመው የሚችለው ነው።

ለመሆኑ የሒሳብ ሞዴል ምንድር ነው? የአንድን ነገር አካሄድ፣ ዋና ዋናውን ብቻ ወስዶ፣ በቁጥርና በምልክት አሳጥሮ መጻፍ ማለት ነው። ከገደብ ወደ ዲላ የሚወስደውን መንገድ በወረቀት ላይ የሚስል ሰው እያንዳንዱን ዛፍና ጎጆ አይስልም፤ መታጠፊያውን በትክክል ከሳለ መንገደኛውን ያደርሰዋል። የሒሳብ ሞዴልም እንዲሁ ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። ሊቃውንቶቻችን ባሕረ ሐሳብ ብለው የሚጠሩት የዘመን አቆጣጠር ስሌት ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተዘጋጀ የሒሳብ ሞዴል ነው። መስከረም 1 ቀን በምን ዕለት እንደሚውል ለማወቅ ሥራው እንዲህ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፤ የተገኘውም ዓመተ ዓለም ይባላል። ዓመተ ዓለሙ ለ4 ይካፈልና የደረሰው ብቻ ይያዛል፤ ይህም መጠነ ራብዒት ነው። ሁለቱ ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ የሚተርፈው ቁጥር ዕለቱን ያመለክታል። 1 ቢተርፍ ማክሰኞ፣ 2 ቢተርፍ ረቡዕ፣ 3 ቢተርፍ ሐሙስ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ባይተርፍ ሰኞ ነው።

በ2017 ዓ.ም. እንሞክረው። 2017 ሲደመር 5500፣ 7517 ይሆናል። 7517 ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 1 ይተርፋል። 7517 ሲደመር 1879፣ 9396 ነው። ይህ ለ7 ሲካፈል 1342 ደርሶ 2 ይተርፋል። ስለዚህ ረቡዕ ነው፤ በእርግጥም የ2017 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ረቡዕ ዋለ።

አሁን ይህንኑ ለኮምፒዩተር እንስጠው። በዚህ ጊዜ የቋንቋዎቹ ጠባይ መለያየት ይጀምራል። በፎርትራንና በሲ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ሲካፈሉ ክፋዩ ይጣልና 1879 ይገኛል። ዛሬ በሚሠራበት በ3ኛው ፓይተን ግን በአንድ ዘንባላ መስመር ቢካፈል 1879.25 ይመጣል፤ ክፋዩ እንዲጣል ከተፈለገ ሁለት ዘንባላ መስመር በተከታታይ መጻፍ ግድ ነው። ይህን ያልተጠነቀቀ ሰው በመጨረሻ 2.25 የሚል ትርፍ ያገኛል፤ በሳምንት ውስጥም 2.25 የሚባል ዕለት የለም። ደግሞም የዕለታቱን ስም ከሰኞ ጀምሮ በተራ ብንጽፍ፣ ፓይተንና ሲ ቆጠራቸውን ከ0 ስለሚጀምሩ ምንም የማይተርፍበት ዓመት ያለ ችግር ሰኞ ላይ ያርፋል። ማትላብ፣ አር፣ ጁሊያ፣ እንደ ልማዱም ፎርትራን፣ ከ1 ስለሚጀምሩ በትርፉ ላይ 1 መጨመር ያስፈልጋል። ሞዴሉ አንድ ነው፤ አነጋገሩ ግን ይለያያል። ስለዚህ ቋንቋን ከመምረጥ በፊት ሥራው በእርሳስና በወረቀት ተለይቶ ሊታወቅ ይገባል።

ከዘመን አቆጣጠር ወደ ሰው ሕይወት እንለፍ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ እንደ ተፈናቀለ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ጎቲቲም አያሌ ሺሕ ሰዎችን ካስጠጉት ቦታዎች አንዷ ነበረች። እንዲህ ያለ መከራ ሲደርስ በመጀመሪያ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ የውሃ ሒሳብ ነው። ስፌር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ ርዳታ መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ በደቂቃ 7.5 ሊትር ለሚያወርድ አንድ የቧንቧ አፍም ከ250 የማይበልጥ ሰው ይላል። 250 ሰው በ15 ሊትር ሲባዛ 3750 ሊትር ነው፤ ይህም በዚያ ቧንቧ 500 ደቂቃ፣ ማለት 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ቧንቧው ከጧት እስከ ማታ ያለ ዕረፍት ሊወርድ ነው።

ለምሳሌ ያህል 10,120 ሰው በአንድ ሰፈር አለ እንበል። ስንት የቧንቧ አፍ ያስፈልጋል? 10,120 ለ250 ሲካፈል 40.48 ይሆናል። በባሕረ ሐሳብ ያደረግነውን እዚህ ብንደግመው፣ ክፋዩን ጥለን 40 እንላለን፤ 120 ሰዎችም ያለ ቧንቧ ይቀራሉ። እዚህ ክፋዩ ወደ ላይ ተነሥቶ 41 መሆን አለበት። እነሆ፤ ያው አንድ ማካፈል በአንዱ ሥራ ትርፉን መጣል፣ በሌላው ሥራ ትርፉን ማንሣት ሆነ። ይህን ልዩነት ፎርትራንም ፓይተንም ጁሊያም ከቶ አያውቁትም። የሚያውቀው፣ 0.48 የተባለው ቁጥር እንስራ ይዘው የሚጠብቁ 120 ሰዎች መሆናቸውን የተረዳ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙን የጻፈው ሳይሆን በቦታው ያለው የውሃ ሠራተኛ ወይም የቀበሌ ሊቀ መንበር ነው። የተጻፈው ነገር ለእርሱ የማይነበብ ከሆነ ስሕተቱ የሚታወቀው ከቧንቧው ፊት ሰልፍ ሲጨናነቅ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ከቡናችን ነው። 100 ኪሎ ታጥቦ የወጣ ቡና ከክብደቱ ግማሹ ውሃ ነው እንበል። በማድረቂያው አልጋ ላይ ውሎ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሲወርድ ስንት ኪሎ ይሆናል? ፈጥኖ የሚመልስ ሰው፣ ከ50 በመቶ ወደ 12 በመቶ ሲወርድ 38 ኪሎ ተቀነሰ፣ እንግዲህ 62 ኪሎ ይቀራል ይላል። መልሱ ግን ይህ አይደለም። የማይጠፋው ደረቁ ክፍል 50 ኪሎ ነው፤ ያም በመጨረሻው ጊዜ ከጠቅላላው ክብደት 88 በመቶ ስለሚሆን፣ 50 ለ0.88 ተካፍሎ ወደ 56.8 ኪሎ ይሆናል። እርጥበቱ እስከ 10 በመቶ ቢደርቅ ደግሞ 55.6 ኪሎ ነው። በሚዛን ላይ ከ1 ኪሎ የሚበልጥ ልዩነት አለ ማለት ነው። በሌላው በኩል እርጥበቱ ከመጠን በላይ የቀረ ቡና ስለሚሻግት፣ ሚዛን እንዲያነሣ ብሎ ሳይደርቅ ማንሣት ጥፋት ነው። ስለዚህ አልጋው መቼ ይነሣ የሚለው ነገር የገበሬውን ኪስ የሚነካ የሒሳብ ጥያቄ ነው።

ለአንድ አልጋ ቡና ይህን ለማስላት ወረቀት ይበቃል። ለ20 አልጋ እንደ ኤክሴል ያለ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ሥራውን ያቃልላል። ነገር ግን የየሰዓቱን ሙቀት፣ ነፋስና ደመና አስገብቶ የዛሬውን እርጥበት ከትናንቱ እያወጣ፣ ለብዙ አልጋና ለብዙ ቀን ማስላት ሲመጣ፣ ያን ጊዜ የፕሮግራም ቋንቋ ያስፈልጋል። የቋንቋ ምርጫ ተገቢ ቦታው ይህ ነው።

አሁን ቋንቋዎቹን አንድ በአንድ በአጭሩ ልጥቀስ፤ ዓመታቱን የምሰጠው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፎርትራን በ1957 አይ ቢ ኤም በተባለው ኩባንያ በጆን ባከስ መሪነት ተሠራ። ስሙ የፎርሙላ መተርጎሚያ ማለት ነው። ዕድሜው ቢገፋም አልጃጀም፤ የአየር ጠባይ ትንበያ የሚሰጡ ትላልቅ ሞዴሎች ዛሬም በብዛት በእርሱ የተጻፉ ናቸው። ሲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዴኒስ ሪቺ እጅ ተፈጠረ፤ እጅግ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የኮምፒዩተሩን ማኅደር እስከ መጠበቅ ድረስ ብዙውን ነገር በጸሐፊው ትከሻ ላይ ይጥላል። ማትላብን ክሊቭ ሞለር የተባለው የሒሳብ መምህር በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ የሠራው ተማሪዎቹ ፎርትራን ሳይማሩ በሠንጠረዥ ቁጥሮች እንዲሠሩ ብሎ ነው፤ በ1984 የንግድ ዕቃ ስለ ሆነ ፈቃዱ በገንዘብ ይገዛል። ኦክታቭ የሚባለው ግን ማትላብን የሚመስል ሆኖ በነፃ የሚገኝ ነው። አርን በኒው ዚላንድ አገር የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን በ1990ዎቹ ለስታቲስቲክስ ሥራ አወጡት፤ እርሱም ነፃ ነው። ፓይተን በ1991 በኔዘርላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሱም ለሕዝብ ቀረበ። ጁሊያ የሁሉ ታናሽ ናት፤ በ2012 ስትወጣ ዓላማዋ እንደ ፓይተን የቀለለ እንደ ሲም የፈጠነ መሆን ነበር።

ፓይተን ዝግተኛ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉ። አነጋገራቸው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ አንዱን ሥራ ሚሊዮን ጊዜ በራሱ ሲደጋግም ከሲና ከፎርትራን በብዙ ወደ ኋላ ይቀራል። ነገር ግን ነምፓይ በሚባለው የሒሳብ ዕቃ ቤቱ በኩል ሲታዘዝ ከባዱን ሥራ በሲና በፎርትራን ለተጻፉ ፕሮግራሞች አሳልፎ ይሰጣል። ከዚህም በላይ በጥቂት አልጋ ቡና ላይ የሚሠራ ሰው መልሱን በሴኮንድ መቶኛ ወይም በአንድ ሴኮንድ ቢያገኘው ምን ልዩነት አለው? የሚዘገየው ኮምፒዩተሩ ሳይሆን፣ ከሦስት ወር በኋላ የራሱን ጽሑፍ ማንበብ አቅቶት ራሱን የሚይዘው ተማሪ ነው።

ይህ ነገር በታላላቆቹ አገሮችም የታየ ነው። በመጋቢት 2020 በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ያሉ ሊቃውንት ስለ ኮቪድ ወረርሽኝ ያወጡት ሞዴል የብዙ መንግሥታትን አሳብ አነቃነቀ። ከዚያ በኋላ የቡድኑ መሪ ፕሮፌሰር ኒል ፈርግሰን፣ ፕሮግራሙ ከ13 ዓመት በላይ አስቀድሞ በሲ የተጻፈና ማብራሪያ ያልተጻፈለት በሺሕ የሚቆጠር መስመር መሆኑን ገለጹ። ከውጭ ሆኖ ሊመረምረው የሚችል ሰው ስላልነበረ ብዙ ክርክር ተነሣ። በኋላ ፕሮግራሙ ተስተካክሎ ለሕዝብ ሲገለጥና ሌሎች ደግመው ሲያስኬዱት ውጤቱ ከመጀመሪያው ዘገባ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሒሳቡ አልፈረሰም፤ ነገር ግን ማንም ሊያነበው ባለመቻሉ ብቻ የሰው እምነት ሊጠፋ ተቃረበ።

ሁለተኛው ታሪክ ለተማሪ የተለየ ደስታ የሚሰጥ ነው። በ2010 ኢኮኖሚስቶቹ ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የመንግሥት ዕዳ ሲበዛ የአገር ዕድገት እንደሚያሽቆለቁል የሚገልጽ ጽሑፍ አወጡ፤ ባለ ሥልጣኖችም በየአገሩ ጠቀሱት። በ2013 ቶማስ ሄርንዶን የተባለ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለትምህርቱ ልምምድ ሒሳቡን ሊደግም ፈልጎ የኤክሴሉን ሠንጠረዥ ከጸሐፊዎቹ ጠየቀ፤ ሰጡትም። ከዚያም የ5 አገሮች ረድፍ ከአማካዩ ውስጥ ሳይገባ መቅረቱን አገኘ። ከመምህራኑ ጋር ሆኖ ይህንና የአሠራሩን ሌሎች ጉድለቶች አርሞ ቢያሰላው፣ ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ የተባለው ዕድገት 2.2 በመቶ ሆነ። ልብ በሉ፤ ያ ሠንጠረዥ ለተማሪው ተሰጥቶት ባይሆን፣ ቢሰጠውም የሚነበብ ባይሆን፣ ስሕተቱ እንደ እውነት ሊቀጥል ይችል ነበር።

ስለዚህ እኛ በባንኮ ጎቲቲና በአካባቢው ያለን ተማሪዎች ምን እንምረጥ? አራት ነገሮችን እንመዝን። አንደኛ፤ የተጻፈው ለሌላ ሰው ይነበባልን? ሁለተኛ፤ ያለ ገንዘብ ይገኛልን? ሦስተኛ፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት፣ በአሮጌ ኮምፒዩተርም ቢሆን ይሠራልን? አራተኛ፤ ሲቸግረን የምንጠይቀው መምህር ወይም ታላቅ ወንድም እናገኛለንን? በእነዚህ አራት ሚዛኖች ሲመዘን ለጀማሪ የሚሻለው ፓይተን ነው ብዬ አምናለሁ። ስታቲስቲክስ ለማጥናት፣ የምርትና የጤና መዝገብ ለመመርመር ያሰበ ሁለተኛ ቋንቋው አር ይሁን። የአየር ጠባይ ሊቅ ለመሆን የሚመኝ ደግሞ ፎርትራንን አይናቅ፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያገኘዋል። ማትላብን በተመለከተ፣ ትምህርት ቤቱ ፈቃዱን ገዝቶ የሰጠው ሰው ይጠቀምበት፤ ፈቃድ የሌለው በኦክታቭ ይለማመድ።

በፓይተን ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ጥቅም ልጨምር። በውስጡ ለቁጥሮች የምናወጣላቸውን ስሞች በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል። ስለዚህ

ውሃ = ሰው * 15

ብለን ብንጽፍ ኮምፒዩተሩ ሳይቃወም ይቀበላል። ትእዛዞቹ እንግሊዝኛ መሆናቸው፣ አሐዙም እንደ ወትሮው 1፣ 2፣ 3 መሆኑ አይቀርም። ነገር ግን እናቴ ፊደል ስለ ቆጠሩ ይህን መስመር አንብበው፣ “15 የምትለው ምንድር ናት? ለልብስ አጠባም ትበቃለች ወይ?” ብለው ሊጠይቁኝ ይችላሉ። ይህ ጥያቄ ከብዙ የመምህር እርማት የሚበልጥ ነው። ጁሊያም ይህንኑ ትፈቅዳለች።

ወደ ሥራ የምትገቡ ጓደኞቼ ሦስት ልማዶችን ያዙ። ሞዴሉን መጀመሪያ በወረቀት ጻፉ፤ ከየቁጥሩም አጠገብ ሊትር ወይም ኪሎ ወይም ቀን መሆኑን አትርሱ። በ1999 የአሜሪካ የማርስ መንኮራኩር የጠፋችው አንዱ ወገን በእንግሊዝ መለኪያ፣ ሌላው በሜትር መለኪያ ስላሰላ መሆኑን አስታውሱ። ቀጥሎም መልሱን አስቀድማችሁ በምታውቁት ነገር ፕሮግራሙን ፈትኑት፤ የ2017ን መስከረም 1 ረቡዕ ያላደረገ ፕሮግራም ስለ መጪው ዓመት ሊታመን አይገባውም። በመጨረሻም የጻፋችሁትን ለሌላ ተማሪ ስጡና ያለ እናንተ እርዳታ ያስኪደው። ካልቻለ ሥራው ገና አላለቀም።

እናንተ ወላጆች ደግሞ አንድ አደራ አለባችሁ። ልጅም ይሁን ባለሙያ መጥቶ፣ ኮምፒዩተሩ እንዲህ ብሏል፣ ቢላችሁ አትፍሩት። ኮምፒዩተር የነገሩትን የሚጽፍ ጸሐፊ እንጂ ዳኛ አይደለም። ያስገባኸው ቁጥር ከየት መጣ? ትርፉን ጣልኸው ወይስ አነሣኸው? ከአንተ ሌላ ማን አየው? ብላችሁ ጠይቁት። በደንብ የሠራ ሰው በእነዚህ ጥያቄዎች ደስ ይለዋል።

አባቶቻችን ቡናውን በእንሰትና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እያሳደጉ፣ ማን ምን እንደ ተከለ ለጎረቤት በሚታይ መሬት ላይ ሲሠሩ ኖረዋል። የጌዴኦ መልክዐ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በዚህ ሥራቸው ነው። የእኛም ሒሳብ እንዲሁ በግልጥ የሚታይና ማንም የሚያርመው ይሁን።